ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት ገመዱን እዩት

የ2015 ዓ.ም. መስቀል ዕለት ምሽት እህቴ ከነፋስ መውጫ ደወለችልኝ። እንኳን አደረሰሽ ልትለኝ መስሎኝ ስልኩን በደስታ አነሳሁት። ድምፅዋ ግን የበዓል ድምፅ አልነበረም።

«ደመራው ሲለኮስ ልጄ ከጎኔ አልነበረም» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች።

ልጁ ከሦስት ቀን በፊት ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ስማዳ ሄዷል፤ ወገዳ፣ አያቱ ዘንድ። የተጣሉት በኮምፒውተር ነው። ያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠበት ዓመት መሆኑን ወላጆች አትረሱትም። የእህቴ ልጅም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበርና ጥቅምት ላይ ለመፈተን ቀን እየቆጠረ ነበር። የሚያጠናባቸው መጻሕፍትና የቆዩ የፈተና ወረቀቶች ያሉት ደግሞ በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ኮምፒውተሩን አዲስ አበባ ገዝቼ በአውቶቡስ የላክሁላቸው እኔ ነኝ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ልጁ ሥዕልና ዲዛይን ስለሚወድ አንድ ግራፊክስ ካርድ ጨምሬበት ነበር። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ እህቴ ሳጥኑን በጆንያ ጠቅልላ ገብስ ጎተራ ውስጥ ደብቃው ተርፏል። እንዲህ የተሳሳችለት ለዋጋው ብላ አልነበረም። እናታችን በሕይወት ሳለች በአንድ ፋሲካ የቀረጽናት ቪዲዮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እናታችን ዛሬ የለችም።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። መስከረም 12 የሚካኤል ማኅበር በእህቴ ቤት ነበር። በ13 ማታ ልጁ ሊያጠና ቁልፉን ቢጫነው ሳጥኑ ይነፋል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አባት «ጌም ስትጫወትበት አቃጠልኸው» አሉ። ልጁ «አልነካሁትም» አለ። አባት «ታዲያ ማን ነካው? እኔ ነኝ?» ብለው እጃቸውን አነሱ። በማግስቱ አንድ ጠጋኝ ተጠርቶ መጣ፤ ሳጥኑን ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ 8 ሺህ ብር ጠየቀ። ልጁ ግን ጠጋኙን አልጠበቀም። ጧት ወጥቶ ሄዷል።

እኔ ይህን ዓምድ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ለዓመታት እንጀራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነበር። ስለዚህ እህቴን «ጋሼን ስልኩን ስጪልኝ» አልኳት። ጋሼ የምላቸው ባሏን ነው።

በስልክ የተደረገ ጥገና

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የጠቆረ ስክሪን ሥሩ ሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ኤሌክትሪኩ ጋ፣ ሲፒዩ ብለን የምንጠራው ሳጥን ጋ፣ ወይም ስክሪኑና ገመዱ ጋ። ጥገና ማለት ከሦስቱ ደህና የሆኑትን አንድ በአንድ እያሰናበቱ ጥፋተኛውን ብቻውን ማስቀረት ነው። ፍርድ ቤት ቢሆንም እንዲያው ነው።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይጫኑልኝ። መብራት በራ?»

«በራ።»

«ይነፋል?»

«እንደ አገራችን ነፋስ ነው የሚነፋው!»

ኤሌክትሪክ እየገባ ነው ማለት ነው። ማራገቢያው መዞሩ ፓወር ሰፕላዩ ፍጹም ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ከግድግዳው ሶኬትና ከዲቫይደሩ ላይ ጥርጣሬያችንን አነሳን።

«አሁን ቁልፉን ሳይለቁ ተጭነው ይቆዩና ሳጥኑን ያጥፉት። ከስክሪኑ ወደ ሳጥኑ የሚመጣው ገመድ አለ፤ በሁለት ብሎን የሚታሰር። እሱን ከሳጥኑ በኩል ይንቀሉት። ከዚያ ስክሪኑን ብቻ አጥፍተው ያብሩት።»

ትንሽ ቆዩና «ጽሑፍ መጣ! በእንግሊዝኛ ነው» አሉ። ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡልኝ። «ኖ ሲግናል» ነበር፤ ምንም መልእክት አልደረሰኝም ማለት ነው። ይህን መናገር የቻለ ስክሪን አልሞተም። የሚላክለት አጥቶ ነው የጠቆረው። ስክሪኑንም ከክሱ አሰናበትነው።

«አሁን ገመዱን ከየት ነበር የነቀሉት?»

«ከላይ ካለው ሰማያዊ ቀዳዳ።»

«ዝቅ ብለው ይዩልኝ። ሌላ እሱን የሚመስል ሰማያዊ ቀዳዳ አለ? አግድም የተኛ።»

ጋሼ ዝም አሉ። ሳጥኑ ሲጎተት ይሰማኛል።

«አለ» አሉ በመጨረሻ።

«እዚያ ይሰኩት። ብሎኑን ያጥብቁና ሳጥኑን ያብሩት።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በድምፅ ነው የተከታተልኩት። ቁልፉ ቀጭ አለ። ማራገቢያው ነፋ። ብዙ ቆይቶ ያቺ የዊንዶውስ መክፈቻ ዜማ ተሰማች። እህቴ ከኋላ እልል አለች። ጋሼ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም።

«ጋሼ? መጣ እንዴ?»

«መጣ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «በ11 ማታ ለማኅበሩ ቦታ ልልቀቅ ብዬ ጠረጴዛውን ወደ ጓዳ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ገመዱን ነቅዬ መልሼ የሰካሁትም እኔ ነኝ።»

ምሥጢሩ ይህ ነው። ግራፊክስ ካርድ የተጨመረበት ዴስክቶፕ ከኋላው ሁለት የስክሪን ቀዳዳ ይኖረዋል። ላይኛው የማዘርቦርዱ ነው፤ ታችኛውና አግድሙ የካርዱ ነው። ካርድ ሲኖር ብዙ ኮምፒውተሮች የማዘርቦርዱን ቀዳዳ ራሳቸው ይዘጉታል። ስለዚህ ገመዱ ላይኛው ላይ ከተሰካ ኮምፒውተሩ ሥራውን እየሠራ ለእኛ የሚታይ ነገር አይኖርም። ያን ማታም ኮምፒውተሩ በትክክል ተነስቶ ልጁን ይጠብቅ ነበር።

ልጁ ጥፋተኛ የሆነው ቁልፉን መጨረሻ ላይ የተጫነው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። በየቤታችን እንዲህ እንፈርዳለን። ብርጭቆው የተሰነጠቀው ጧት ቢሆንም ማታ ውሃ የጠጣበት ልጅ ይገረፋል።

ገመዱ ካልሆነስ?

ለእናንተም ቤት እንዲጠቅም፣ ያን ማታ ገመዱ ባይሆን ኖሮ ጋሼን ቀጥሎ ምን አሠራቸው እንደነበር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጆሯችሁን ስጡት። ኮምፒውተር ሲነሳ ምንም ከማሳየቱ በፊት ራሱን ይመረምራል። ራም የሚባለው የማስታወሻ ክፍል ወይም ግራፊክስ ካርዱ ችግር ካለበት ስክሪን ላይ ሊጽፍ አይችልም፤ ስለዚህ ትንሽ ድምፅ ማውጫ ካለው ጲጵ እያለ ይናገራል። ቋንቋው እንደ አምራቹ ይለያያል። አዋርድ በሚባለው የቆየ ባዮስ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ የግራፊክስ ችግር ነው። ትርጉሙን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ስንት ረጅም፣ ስንት አጭር እንደሆነ ቆጥራችሁ ጻፉና ለጠጋኙ ንገሩት። ድምፁን ሳይሰማ ዋጋ የሚጠራ ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ሌላ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ራሙን ነቅሎ መመለስ። በጠጠር መንገድ በአውቶቡስ የተጓዘ ኮምፒውተር ከሆነ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ይህን ነው፤ ንዝረት ከቦታው ያላቅቀዋል። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፤ ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያራግፋል። የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ንኩ፤ ከልብሳችሁ የሚመጣው ቁንጥጫ ራሙን እንዳይጎዳ ነው። ከዚያ በሁለቱ ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ገፋ አድርጋችሁ ራሙን አውጡት። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፤ ፍርፋሪውን አራግፉ። ስትመልሱት መያዣዎቹ ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ድረስ ተጫኑት። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ አስገብታችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላውን። አንዱ ሲነሳ ሌላው ካልተነሳ ጥፋተኛው ታወቀ። በሥራ ዘመኔ «ሞቷል» ተብለው ከመጡልኝ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ በላጲስ ነው የተነሱት።

ሦስተኛ፣ ሳንቲም የምታህለዋን ባትሪ እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ 3 ቮልት የሆነች ክብ ባትሪ አለች፤ ቁጥሯ ሲአር2032 ይባላል። የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን በየጊዜው ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ደክማለች። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ሳለ ይህችን ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስ የተዘበራረቀውን የባዮስ ቅንብር ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። አንዳንዴ ስክሪኑም አብሮ ይመለሳል።

አራተኛ፣ ብርድና ጭስ። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጉና ብርድም ከእስቴ እስከ ጋይንት ይሰማል። ሌሊት በብርድ ተጉዞ የመጣ ኮምፒውተር ምድጃ ወደሚነድበት ቤት በቀጥታ ሲገባ፣ የሞቀው እርጥበት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል። ስለዚህ ጓጉታችሁ ወዲያው አታብሩት፤ ጥቂት ሰዓታት አሳርፉት። የምድጃ ጥላሸትና አቧራም ማራገቢያው ላይ ይጋገራል። ወደ በሽሎ ወረድ ባለው ቆላ ደግሞ ሙቀቱ ይጨመርበታል። በዓመት አንድ ሁለቴ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ።

ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት፤ ከዚያ ማብሪያውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጫኑና ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ አብሩ። አሁንም ከጠቆረ በጨለማ ክፍል የስልክ ባትሪ ብርሃን ስክሪኑ ላይ በአግድም አብሩበት። ፈዘዝ ያለ ምስል ከታያችሁ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። ቴሌቪዥኑ ላይ ከመጣ ችግሩ ስክሪኑ ወይም ወደ ስክሪኑ የሚሄደው የውስጥ ገመድ ነው፤ ልጁ እስኪጠገን በቴሌቪዥኑ ያጥና።

የአምራቹ ስም ወይም የዊንዶውስ ምልክት ታይቶ ከዚያ የሚጠቁር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምልክቱ ከታየ ስክሪኑም፣ ገመዱም፣ ራሙም ቢያንስ እዚያ ድረስ ሠርተዋል። ጥርጣሬው ወደ ውስጡ ፕሮግራም፣ በተለይ ግራፊክሱን ወደሚያሠራው ይዞራል። ዊንዶውስ 10 እና 11 መነሳት ሲጀምሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቋረጡ ራሳቸው የመጠገኛ ገጽ ያመጣሉ። ከዚያ ሴፍ ሞድ በሚባለው መግባት ይቻላል። ይህን ለልጆቹ ተዉላቸው፤ ከእኛ ይልቃሉ።

እጅ የማይገባበት ቦታ

ሦስት ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ።

ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን የብረት ሳጥን አትክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የሚያስደነግጥ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ኋላው የተንዘረጠጠው የድሮ ስክሪንም እንዲሁ ነው፤ የዚያ እንዲያውም ይብሳል።

ያገለገለ ዴስክቶፕ ከውጭ ሲመጣላችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ኋላውን እዩ። የቆዩት ላይ 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለ። የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ማዞሪያው 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። ያን ጊዜም ቢሆን ጥፋተኛው ቁልፉን የተጫነው ልጅ አይደለም።

ሦስተኛውን አያቶች በተለይ ስሙኝ። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ የሠርጉ፣ የክርስትናው ምስል ሁሉ የሚቀመጠው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ስክሪን ቢጠቁር፣ ማዘርቦርድ ቢቃጠል እንኳ ዲስኩ ደህና ሊሆን ይችላል። ለጠጋኝ ስትሰጡ «ዲስኩን ፎርማት አታድርግብኝ» ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ከተቻለም ዲስኩን አውጥታችሁ እቤት አስቀሩት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዛሬ፣ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለ፣ በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ አንድ ቅጂ አስቀምጡ።

ወገዳ

ጋሼ በስልክ ይቅርታ ማለት አልሆነላቸውም። እህቴ «ደውልለትና ና በለው» ብትላቸው «የመታሁት በስልክ ነው እንዴ?» አሏት። በ19 ጧት ተነስተው ራሳቸው ወደ ወገዳ ሄዱ።

እዚያ የሆነውን ልጁ ነው የነገረኝ። አባቱ ገብተው የሽማግሌውን ጉልበት ስመው ተቀመጡ። ቡና እስኪቀርብ ማንም ስለ ጉዳዩ አላነሳም። ከዚያ ጋሼ በአባታቸው ፊት ለልጃቸው «ገመዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንተ አልነካኸውም» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ።

አያትየው ሲኒያቸውን አስቀመጡና ወደ ጋሼ ዞሩ። «ሬዲዮዬን ሰበርህ ብዬ የገረፍሁህ ትዝ ይልሃል?»

«ይለኛል አባባ።»

«ድንጋዩን ገልብጬ የከተትሁት እኔ ነበርሁ። ማታውን ሳስተካክለው ተናገረ። አንተ ተኝተህ ነበር፤ ጧት እነግረዋለሁ ብዬ…»

ጧቱ አርባ ዓመት አለፈው። ልጁ እንደነገረኝ አባቱ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

በ20 ማታ አባትና ልጅ ነፋስ መውጫ ገቡ። ልጁ ጥናት ላይ ማሳለፍ የነበረበት ስድስት ቀን አልፎ ነበር። በጥቅምት ተፈተነ። ውጤቱ ሲወጣ ግማሽ አልሞላለትም። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ ማንም ልጁን አልወቀሰውም። በሪሜዲያል ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዓመቱን አለፈ። ስድስቱ ቀን ውጤቱን ይለውጡት ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አይመስለኝም። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ ይቆጥሯቸዋል።

ባለፈው ስሄድ ኮምፒውተሩ አሁንም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። የእናታችንን ቪዲዮ አየን። ማታ ሲጠፋ ከኋላው ጎንበስ ብዬ ገመዱን አየሁት። ታችኛው ቀዳዳ አጠገብ ቀይ ክር ታስሯል። ላይኛው ላይ ደግሞ ፕላስተር ተለጥፎበት በጋሼ የእጅ ጽሑፍ «እዚህ አይሰካም» ይላል።